የቲቸር አስካለ መቶ ሃምሳ ሦስት

ቲቸር አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት በመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሁሉም «ነፍስ ይማር» እያለ ሲጽፍ የስፖርት መምህራችን በስህተት አውራ ጣት ሰጠበት። ቶሎ አነሳው፤ ግን ሁላችንም አይተነዋል። ቲቸር አስካለ ቢያዩት ኖሮ ከመጣው መልእክት ሁሉ የሚወዱት እሱን ይመስለኛል።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የእህታቸው ልጅ ነበር። «ጸጥተኛ፣ ትሑት፣ ለአለቆቻቸው ታዛዥ» እያለ ሲቀጥል ከትምህርት ቤት የሄድነው መምህራን እርስ በርስ ተያየን። አጠገቤ የቆመችው የአማርኛ መምህርት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቀብር ተሳስተን እንዳይሆን» አለችኝ። ቀብር ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አንገቴን ስደፋ፣ ከኋላዬ የቆሙ አንዲት እናት የማለቅስ መስሏቸው ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑኝ።

የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ያስተማሩበት ሁሉ ተነበበ። ስለ መቶ ሃምሳ ሦስት ግን አንድ ቃል አልተነሳም። ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ቁጥር ጋር የኖረ ሰው ሲቀበር ቁጥሩ ሳይጠራ መቅረቱ፣ ባል የነበራትን ሴት «ሳታገባ ሞተች» እንደ ማለት ሆኖ ተሰማኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

ትምህርት ቤቱ የገባሁት በሒሳብ ተመርቄ በወጣሁበት ዓመት ነው። ከዓለም ባንክ ዋና መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ክረምት ሲሆን ቦቲ ጫማ የሚያስፈልገው የግል ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ድምፄ ከሁለተኛው ዴስክ አያልፍም ነበር። የእኔን ክፍልና የቲቸር አስካለን ክፍል የሚለየው ችፑድ ብቻ ስለነበር፣ የእሳቸው ድምፅ እንደ ልቡ ይገባል። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይማሩ የነበረው ከእኔ ሳይሆን ከግድግዳው ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ የጠየቀኝ ጥያቄ ስለ እኔ ትምህርት አልነበረም፤ በዚያኛው ክፍል ስለሚሰጠው ነበር።

አጭር ናቸው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እዚህ የተቀጠሩት። በጋም ክረምትም ሰፊ የወንድ ጃኬት ይለብሳሉ፤ በቀኝ ኪሱ ቆሎ፣ በግራ ኪሱ ጠመኔ አለ። አንዳንዴ ኪስ ይሳሳቱና ጠመኔውን ይቆረጥማሉ። ሲያዩዋቸው አይደነግጡም፤ «ካልሲየም ነው» ብለው ይውጡታል። ከዳይሬክተሩ ጀምሮ ከእሳቸው የሚያንሰውን ሰው ሁሉ «አንተ» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ እርስዎ ስላቸው ይቆጣሉ። እርስዎ ስባል ከጎኔ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል ይላሉ። እንዲያም ሆኖ አንቺ ማለት አልቻልኩም፤ እስኪሞቱም አልቻልኩም።

ስለ ትዳር የሚጠይቃቸው ሰው አይጠፋም። «እኔ ብቸኛ ቁጥር ነኝ፤ በራሴና በአንድ ብቻ ነው የምካፈለው፤ አንዱ ደግሞ እስካሁን አልመጣም» ይሉታል። ጠያቂው ሲስቅ አስከትለው፣ ሰው ሁሉ ራሱን ብቸኛ ቁጥር አድርጎ እንደሚያይ፣ ሲመረመር ግን አብዛኛው በሁለት የሚካፈል ሆኖ እንደሚገኝ ይነግሩታል።

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት በመምህራን ክፍል ሁሉም በተሰበሰበበት፣ የምወደው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለይቼ የምወደው የለኝም አልኳቸው።

«አራት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስትማሪ አንድ ቁጥር እንኳ አልጠበሰሽም?»

መምህራኑ በሙሉ ሳቁ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ማታ ወደ ታክሲ ስሄድ ግን ከኋላዬ ደረሱብኝና ሳይጋበዙ አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው ወደ አስኮ ስለሚሄዱ የምንለያየው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ነበር፤ የሚኒባሱ መስታወት በትንፋሽ ደብዝዟል። በጣታቸው 153 ብለው ጻፉበት።

ከዚያ አስተዋወቁኝ። በትክክል እንደዚያ ነው ያደረጉት፤ ልጃቸውን እንደሚያስተዋውቅ ሰው። አንድን፣ አምስትንና ሦስትን ለያዩና የእያንዳንዳቸውን ኪዩብ ጻፉ፤ 1፣ 125 እና 27። ደምሪው አሉኝ። ደመርኩት፤ 153። ራሷን ቆራርሳ ራሷን መልሳ ትሠራለች አሉ። ቀጥለው ከ1 እስከ 17 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ብትደምሪ እሷው ናት አሉ። ቀጥለው አንድ፣ አንድ ጊዜ ሁለት፣ አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሦስት እያሉ እስከ አምስት ድረስ ወረዱ፤ 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120። ድምሩን ራሴ ሠራሁት። እንደገና 153።

«ሦስት በር ያላት ቤት ናት» አሉኝ። «በፈለግሽው ግቢ፤ እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቅሻለች።»

ወያላው መስታወቱን እንዳያቆሽሹበት ሲለምናቸው፣ መስታወቱ ከተወለደ ጀምሮ ዛሬ ገና መታጠቡ ነው አሉት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ወያላውም ሳቀ። ያን ቀን ቀሪው ሰው ሁሉ እየሰማን ዋናውን ነገር ነገሩኝ። በሦስት የሚካፈል የትኛውንም ቁጥር ውሰጂ። የአሃዞቹን ኪዩብ ደምሪ። የመጣውን ቁጥር እንደገና እንደዚያው አድርጊ። አትሰልቺ። መጨረሻሽ 153 ነው። በሦስት ሞከሩልኝ፤ ሦስት 27 ሆነ፣ 27 ደግሞ 351፣ 351 ደግሞ 153። ምክንያቱም አለ። አንድ ቁጥር ለሦስት ሲካፈል የሚተርፈውና የአሃዞቹ ኪዩብ ድምር ለሦስት ሲካፈል የሚተርፈው እኩል ነው። ስለዚህ ከሦስት ቤተሰብ የተወለደ ቁጥር የቱንም ያህል ቢንከራተት ከቤተሰቡ አይወጣም። ትልልቁ እየተቆራረሰ ያንሳል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ማረፊያ ያላት እሷ ብቻ ናት።

«ታክሲ ነው» አሉ ለመውረድ ሲነሱ። «በሦስት የሚካፈል ሁሉ ይሳፈራል። የመጨረሻው ፌርማታ እሷ ናት።»

ወያላው «የት ነው የሚወርዱት እማማ?» አላቸው። «አልሰማህም እንዴ?» አሉት።

ይህን ትምህርት በየዓመቱ ለስምንተኛ ክፍል ይሰጣሉ። መጽሐፉ ውስጥ የለም። ተማሪው ሁሉ በሦስት የሚካፈል የየራሱን ቁጥር ይመርጣል፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በደቂቃዎች ልዩነት አንድ ቦታ ይወርዳል። ያን ቀን በችፑዱ በኩል የሚሰማው ጩኸት ኳስ ሜዳ ያለሁ ያስመስለኝ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሩት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር በእረፍት ሰዓት አዲስ ጨዋታ ፈጠረች። ለፊደላቱ በተራቸው ቁጥር ሰጡ፤ የስማቸውን ፊደሎች ቁጥር ደመሩ። ቲቸር በሦስት የሚካፈል መሆን አለበት ስላሉ ድምሩን በሦስት አባዙት። ከዚያ ኪዩብ ማድረግ ጀመሩ። የሩት ስም 153 ላይ ደረሰ። የጓደኛዋም። የጥበቃውም። በሦስት የሚካፈለው ራሳቸው በሦስት ስላባዙት መሆኑን ያስተዋለች አንዲት ልጅ አልነበረችም።

ሩት ማታ ቤቷ ገብታ እራት ላይ የአባቷን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምራ ሠራችው። 153 አለችው። አባቷ አቶ ሙሉጌታ ማንኪያውን አስቀመጠ።

አቶ ሙሉጌታ ቀለም የሚሸጥ ሰው ነው። ጌታን ከተቀበለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰዎች በኋላ ሲያወሩ እንደ መሃይም አድርገው ያወሩበታል፤ ልክ አይደለም። የፈራው ነገር ነበረው። በልጅነቱ ኮከብ የሚቆጥር አንድ ደብተራ ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ደምሮ፣ አካፍሎ፣ ይህ ልጅ አያድግም ብሎ ነበር። እናቱ እስኪያድግ ድረስ በሌላ ስም እየጠሩ አሳደጉት። አሁን ደግሞ የራሱ ልጅ በእራት ሰዓት ያንኑ ስሌት ይዛ መጣች፤ ከትምህርት ቤት፣ ክፍያ ከሚከፍልበት። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሶ ዳይሬክተሩን ጠበቀው።

ወሬው በሁለት ቀን ወላጁን ለሁለት ከፈለ። ግማሹ ትምህርት ቤቱ ጥንቆላ ያስተምራል አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴውን ሰብሳቢ አቶ ጌታሁንን ተከተለ። አቶ ጌታሁን በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጥሩን እንደ ሰሙ ፊታቸው በራ። በወንጌል ደቀ መዛሙርቱ ከባሕሩ የጎተቱት ዓሣ 153 ነው። ይህ ጥንቆላ ሳይሆን መገለጥ ነው አሉ።

ዳይሬክተራችን አቶ ደረጀ የሁለቱንም ወገን ልጆች ማጣት አይፈልግም። ስብሰባ ጠራ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን እኔን ወደ ቢሮው አስገብቶ፣ አቶ ጌታሁን መፍትሔ ማምጣታቸውን ነገረኝ። ቲቸር አስካለ ተነስተው ቁጥሩን የሚያስተምሩት ከወንጌል የተነሳ ነው ብለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አንድ ብቻ። ነገሩ ይዘጋል። ካልሆነ ወላጁ ውላቸው እንዲቋረጥ ይጠይቃል፤ እሱም ያቋርጣል። በጥንቆላ ተጠርጥሮ የወጣን መምህር ደግሞ በዚህ ሰፈር የሚቀጥር ትምህርት ቤት የለም። አንቺን ይሰሙሻል፤ ምከሪያቸው አለኝ።

እኔን እንደማይሰሙኝ እያወቅኩ ታክሲ ውስጥ ነገርኳቸው። ይቀልዳሉ ብዬ ነበር። አልቀለዱም። ከፊታቸው ያለውን የወንበር ብረት ያዙ። ከዚያ እውነት ያስወጡኛል ብለሽ ነው አሉኝ። እንደሚመስለኝ ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው ያንኑ ጥያቄ ደገሙት።

«ቤት ስቀመጥ የማወራው ለፍሪጁ ነው» አሉ። «ያንጎራጉራል እንጂ ጥያቄ አይጠይቅም።»

ዓረፍተ ነገሩን ቢሉት ምን አለበት አልኳቸው። እኔ እንደዚህ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ውሸት እኮ አይደለም፤ ዓሣውም ቁጥሩም መጽሐፉ ላይ አለ አልኩ። አየት አድርገውኝ ወረዱ።

ስብሰባው ቅዳሜ በስምንተኛ ክፍል ሆነ። ወላጆቹ በልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን ደረታቸው ድረስ አጥፈው ተቀምጠዋል። አቶ ጌታሁን በጸሎት ከፈቱ። አቶ ሙሉጌታ ተነስቶ ስለ ደብተራው ተናገረ፤ ሊስቅ የመጣውም ሰው ወደ እሱ ዞሮ አዳመጠው። በመጨረሻ ወደ ቲቸር አስካለ ዞሮ፣ እናቴን ሃያ ዓመት ያስለቀሰ ነገር ነው፤ ለልጄ ለምን አስተማሩብኝ አላቸው።

ቲቸር አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ዓይናቸው በጣም ትንሽ ነው።

«ያ ሰውዬ ቁጥር አያውቅም ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ቁጥር ስለ አንተ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

አቶ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠራርገው እዚህ ላይ ገቡ። መምህርታችን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢነግሩን ብለው አይናቸውን ጣሉባቸው። አቶ ደረጀ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አቶ ሙሉጌታ ግን ገና አልተቀመጠም። ቁጥሩ ምንም የማያውቅ ከሆነ እኔ የመረጥኩትን ይሥሩት አለ። ቲቸር አስካለ ጠመኔ አነሱ፤ ምረጥ አሉት።

«ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው በስመአብ ሲል፣ ሌላው በኢየሱስ ስም ሲል እኩል ተሰማ። ቲቸር አስካለ የአውሬውን ቁጥር የእንቁላል ዋጋ እንደሚጽፍ ሰው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ራስህ አስላው፣ እኔን አትመን አሉት። አቶ ሙሉጌታ ስልኩን አወጣ። ስድስት ኪዩብ 216፤ ሦስት ጊዜ 648። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ከ648 ወደ 792። ከ792 ወደ 1080። ከ1080 ወደ 513። እዚህ ላይ ስልኩን አቁሞ ሰሌዳውን አየ፤ የሚመጣው ገብቶታል። 125 እና 1 እና 27 ደመረ።

«መቶ ሃምሳ ሦስት» አለ፤ ቀስ ብሎ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመግለጽ ይከብደኛል። አቶ ጌታሁን ሁለት እጃቸውን አንስተው አውሬው በመረቡ ተያዘ አሉ። ከኋላ ሃሌሉያ ተሰማ። ጥንቆላ ነው ሲሉ የነበሩት ከሃሌሉያዎቹ ጋር ተቃቀፉ። አንዱ ቪዲዮ ያነሳ ነበር። አቶ ጌታሁን ቲቸር አስካለ ይህን ነገር እሑድ መጥተው ለጉባኤው እንዲያቀርቡ ጋበዟቸው። አቶ ደረጀ ላቡን ጠረገ። አለቀ፤ ዳኑ። ከእሳቸው የሚጠበቀው መቀመጥ ብቻ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር እንኳ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ ሰው ሁሉ ተናግሮላቸዋል።

አልተቀመጡም። ፊታቸውን አየሁት፤ ተማሪ ትክክለኛ መልስ በተሳሳተ መንገድ ሲያመጣ የሚያሳዩት ፊት ነው።

«በሦስት ስለሚካፈል ነው» አሉ።

የሰማቸው የለም። ዳስተሩን አንስተው ሰሌዳውን ደበደቡት፤ ክፍሉ በነጭ አቧራ ተሞላና ጸጥ አለ። ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት የደረሰው ስለተሸነፈ ሳይሆን በሦስት ስለሚካፈል ነው አሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነውም በአሥር ስለምንቆጥር፣ በአሥር የምንቆጥረውም አሥር ጣት ስላለን ነው። ስምንት ጣት ቢኖረን ቁጥሩን በሌላ አሃዝ እንጽፈው ነበር፤ ያኔ የኪዩቡ ነገር ይበተናል።

አቶ ጌታሁን ፈገግታቸው ሳይጠፋ «ዓሣውንስ ምን ይሉታል?» አሏቸው።

«ዓሣውን የቆጠረው ማነው? አሥር ጣት ያለው ዓሣ አጥማጅ» አሉ ቲቸር አስካለ። «እኔ መያዙን መች ካድኩ።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ 7 ጻፉ።

ያችን ሰባት የምረሳት አይመስለኝም። ከሌላው ጽሑፋቸው ሁሉ ትበልጥ ነበር። ቅዱስ ቁጥር ናት አይደል አቶ ጌታሁን አሏቸው። አቶ ጌታሁን ናት አሉ፤ ምን አማራጭ አላቸው። ሰባት ኪዩብ 343። ከዚያ 118። ከዚያ 514። ከዚያ 190። አቶ ሙሉጌታ ሳይታዘዝ በስልኩ ይከተላል። ከዚያ 730። ከዚያ 370። ከ370 በኋላ 27 እና 343 እና ዜሮ ሲደመር፤ እንደገና 370።

«አልነቃነቅ አለ» አለ አቶ ሙሉጌታ።

ሰባት 153 ጋ አትደርስም፤ ብትጸልይም አትደርስም አሉ ቲቸር አስካለ። አቶ ጌታሁን ሰባት ይቅርና አርባ ይሞከር ብለው ለመኑ፤ አርባ ብዙ የተጾመበት ቁጥር ነው። አርባ 64 ሆነ፣ 280 ሆነ፣ 520 ሆነ። ከዚያ 133፣ 55፣ 250፣ እንደገና 133፣ 55፣ 250። መቆሚያ አጣ።

ከቡራዩ ልጆቻቸውን የሚያመላልሱት ወይዘሮ ጫልቱ እስከዚያች ደቂቃ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። «ያ ዋቃ» አሉ፣ «አርባ ዓመት ምድረ በዳ እኮ ነው፣ ይዞራል።»

መጀመሪያ የሳቀው አቶ ሙሉጌታ ነው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አቶ ጌታሁን ሲቀሩ። ወይዘሮ ጫልቱ የቤት ቁጥራቸውን አወጡና 412ን ሞከሩ፤ 73 ሆነ፣ ቀጥሎ 370። ከሰባት ጋር ጎረቤት ሆንኩ ብለው አወጁ። ያን ጊዜ ስብሰባ መሆኑ ቀረ። አንዱ የመኪናውን ታርጋ፣ ሌላው የልጁን ዕድሜ ይሠራል። የስልኩ ባትሪ ያለቀበት ከጎረቤቱ ይለምናል። ቲቸር አስካለ በዴስኮቹ መካከል እየዞሩ ያርማሉ። አንድ ከባድ ሱፍ የለበሰ ሰው ሁለት ኪዩብን ስድስት ብሎ ቢገኝ ጆሮውን ያዙት። ትልልቅ ሰዎችን ሲያስተምሩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ደስታቸው ከተማሪ ጋር ከሚያሳዩት አይለይም ነበር። አቶ ደረጀ ድምፅ እንስጥ፣ ድምፅ እንስጥ ይላል፤ እጅ የሚያወጣ ሁሉ የሚያወጣው ለጥያቄ ነው።

ሰው ሲበተን አቶ ሙሉጌታ ወደ ኋላ ቀረ። የእሱ ስም የት እንደሚደርስ ጠየቃቸው። በሦስት ካባዛኸው 153 ትደርሳለህ፤ ካላባዛኸው የትም ልትወርድ ትችላለህ፤ ሁለቱም ግን የቁጥሩ ጉዳይ እንጂ ያንተ አይደለም አሉት። አሰበበት። ልጄን ስም እንዳትቆጥር ይንገሩልኝ፤ ሌላውን ትማር አለ። ቲቸር አስካለ በዚህ ላይ አልቀለዱም፤ ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው ብለው ቃል ሰጡት። እሱም ክሱን ትቼዋለሁ ብሎ ለዳይሬክተሩ ነግሮት ሄደ።

አቶ ጌታሁን ግን አልተዉም። ስለ ሰባት የተባለው ነገር አሟቸዋል። አቶ ደረጀ ከእሳቸው ጋር ተመካክሮ ሲያበቃ ሁለታችንንም ቢሮው አስገባን፤ እኔን ምስክር እንድሆን ይመስለኛል። ቲቸር አስካለ በሥራቸው ይቀጥላሉ አለ። ለትምህርት ቤቱ ሰላም ሲባል ግን ያ ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ አይጠራም፣ አይጻፍም፣ ምሳሌ አይሆንም። ከጠሩት ውሉ በዚያው ቀን ያበቃል።

ይጮሃሉ ብዬ በሩን አየሁ። አልጮሁም። እጃቸውን አጣምረው፣ ሰምቼባቸው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «መቶ ሃምሳ ሦስትን ብቻ ነው?» አሉ።

«እሱን ብቻ።»

«እሺ» አሉ።

እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ታክሲ ስንሄድ ኪሳቸውን ዳብሰው ቆሎ አቃመሱኝ። ሰበሯቸው ብዬ አዘንኩ። ለክፍላቸው ሲሉ የሚወዷትን ሸጡ ብዬ አሰብኩ፤ ልፈርድባቸውም አልቻልኩም።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለ ክፍልፋይ ማስተማር ጀመርኩ። በችፑዱ በኩል ቲቸር አስካለ ስም መቁጠር ድንቁርና መሆኑን፣ የሰው ስም ለመጥሪያ እንጂ ለመደመር እንዳልተሰጠ ሲናገሩ ሰማኋቸው። ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ ሩት እጇን ሳታወጣ አልቀረችም፤ ያቺ ቁጥር ተከልክላለች የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ተከልክላለች» አሉ ቲቸር አስካለ። «ስሟን የሚጠራ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳላይ።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ሦስት አሃዝ የሚሆን ጊዜ።

«እህቶች አሏት» አሉ። «ደብተር አውጡ። ሦስት መቶ ሰባ አንድ። ሦስት ኪዩብ ስንት ነው?»

«ሃያ ሰባት» ብሎ የስምንተኛ ክፍል ጮኸ።

«ሰባት ኪዩብ?»

የእኔም ተማሪዎች እርሳሳቸውን አንስተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተቆጥቼ ልመልሳቸው ይገባ ነበር። ጠመኔዬን አስቀመጥኩና አብሬያቸው መደመር ጀመርኩ።